ስምንት ጫማ ጥላ

«ጥላህን ስፈርልኝ!» ትለኝ ነበር አያቴ፣ ከጓዳ ሳትወጣ።

ላፍቶ፣ የገና ጾም። የግድግዳ ሰዓታችን ከቆመ ቆይቷል፤ ሬዲዮኑም የሚናገረው ባትሪ ሲገዛለት ነው። እኔ ጫማዬን አውልቄ፣ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ታናሽ እህቴ የራሴ ጥላ ያረፈበት ቦታ ላይ ጠጠር ታስቀምጣለች። ከዚያ ተረከዜን ከአውራ ጣቴ እያገጣጠምኩ እስከ ጠጠሯ እቆጥራለሁ። በታኅሣሥ ጥላ ስምንት ጫማ ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሽሮው ይወጣል።

ሲርበኝ አጭበረብር ነበር። ተረከዜን ከጣቴ ፊት በማሳረፍ ፋንታ ጣቴ ላይ አነባብረዋለሁ፤ ስድስት የነበረው ስምንት ይሆናል። «እማማ፣ ሞላ!» እላለሁ። አያቴ ብቅ ትልና ዓይኗን ወደኔ ሳይሆን ወደ አጥሩ ትወረውራለች። የአጥሩ ጥላ ገና የውኃ በርሜሉ ጋ አልደረሰም። «ፀሐይዋ ያንተን ያህል አልራባትም» ብላ ወደ ጓዳዋ። አጥሩና በርሜሉ ይበቋት ነበር እኮ! ታዲያ እኔን በየቀኑ ለምን እንደምታስቆጥረኝ ያኔ አልገባኝም።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባና እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ 44 ቀን ነው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ያኔም ነበር፤ እኛ ቤት ግን ዓሣ የሚገዛ ስላልነበረ ክርክሩ አልደረሰብንም። ሽሮ፣ ጎመን፣ እሑድ እሑድ የሱፍ ፍትፍት። ከሜዳው ማዶ ያሉት ባለ ላሞች ወተቱን እየናጡ ቅቤውን ለበዓሉ ያጠራቅማሉ። ወሩ የጤፍ ውቂያ ወር ነውና ከፉሪ ተራራ በኩል ነፋስ በተነሳ ቁጥር እብቁ ግቢያችን ድረስ ይመጣል፤ ጾሙ ለእኔ ዛሬም የእብቅ ሽታ አለው።

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ የቄስ ተማሪ ቤት ገብቼ መልእክተ ዮሐንስን አልፌ ዳዊት ስለጀመርኩ፣ ማታ ማታ በኩራዝ አነብላታለሁ። ግእዙን አትሰማውም፤ ግን ስሳሳት ታውቃለች። «እዚህ ጋ የኔታ እንዲህ አላሉም» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ነቢያቱን የምታወራቸው ሩቅ አገር ሄደው እንደቀሩ ዘመዶች ነበር። «ኢሳይያስ ምስኪን፣ ሳያየው ሞተ» ብላ ከንፈሯን ስትመጥጥ ትናንት ለቅሶ የደረሰች ትመስላለች።

ከበዓሉ በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች ስም አላቸው፤ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። የስብከት ዕለት ፊልጶስ ናትናኤልን ሄዶ ሲጠራው ይነበባል፤ ሙሴና ነቢያት የጻፉለትን አገኘነው ብሎ። ጌታም ናትናኤልን ገና ፊልጶስ ሳይጠራህ ከበለስ በታች አይቼሃለሁ ይለዋል። አያቴ በለስ አይታ አታውቅም። በኦሮምኛ ላፍቶ ማለት ግራር ነው፤ ከቤታችን ጀርባም ከሰፈሩ ስም የተረፈች አንዲት ግራር ነበረች። ስለዚህ ናትናኤል እዚያች ሥር ተቀምጦ ነበር፤ በቃ። እኔም አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ወንጌል በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ እሾኋ ነው። ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝና ሌላ ዛፍ ማሰብ አልቻልኩም።

በኖላዊ ሰሞን የገና ዱላ ፍለጋ ይጀመራል። ጫፉ የቆለመመ እንጨት ካልተገኘ እርጥቡን በእሳት ለብለብ አድርጎ ማጉበጥ ነው። ዱላ መምረጥ የሚያውቅበት ከሜዳው ማዶ ከብት የሚጠብቅ እኩያዬ ነበር። አንድ ቀን የኔታ ኖላዊ ማለት እረኛ ነው ብለው እንዳስተማሩን ነገርኩት፤ ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 መልካም እረኛ መባሉንም ጨምሬ። «ቲክሴ ነው?» አለኝ በኦሮምኛ፣ ዓይኑን ከላሞቹ ሳይነቅል። አዎ አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ መልካሙ እረኛ በጎቹን ጥሎ የማይሸሸው የራሱ ስለሆኑ ነው፣ እሱ የሚጠብቃቸው ግን የሰው መሆናቸውን አስረዳኝ። ይህን ለየኔታ ብነግራቸው ከወንጌሉ ውስጥ ያለ ነው ብለው ሳቁ፤ በእርግጥም ያው ምዕራፍ ስለ ቅጥረኛው ይናገራል።

ሜዳው ዛሬ የለም። እረኛውም በገና ጨዋታ ሩሩን ያባረርንበት ሣርም የት እንደገቡ አላውቅም፤ ኮንዶሚኒየሙ፣ ከዚያ ሪል እስቴቱ፣ ከዚያ አስፋልቱ በላይ በላዩ መጡ። ጾሙ አለ፤ ካፌው ሁሉ የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር ብሎ ይለጥፋል። ችግሩ ገናው መቅደሙ ነው። ኅዳር ሳያልቅ የፕላስቲክ ጥዱ ሱፐርማርኬት በር ላይ ይቆማል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ኢሳይያስ ሳያየው የሞተውን እኛ በቅናሽ እንሸጠዋለን። ልጄን ብርሃን የሚባለው እሑድ የቱ ነው ብላት ከቴሌግራም ፈልጋ በሁለት ሰከንድ ነገረችኝ። መልሱ ትክክል ነው፤ አያቴ ግን ቀኑ እስኪደርስ ኩራዟን ስትወለውል ትሰነብት ነበር።

ባለፈው ታኅሣሥ ግቢያችን የነበረበት ቦታ ሄድኩ። አሁን የመኪና ማቆሚያ ነው። በሁለት ፎቆች መሀል አንዲት የፀሐይ ቁራጭ ቀርታለች። ግራ ቀኝ አየሁና ጫማዬን አወለቅሁ፣ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጠሁ። የጥላዬ ራስ የፎቁ ጥላ ውስጥ ገብቶ አይታይም፤ ጠጠር የሚያስቀምጥልኝም የለም። እስከሚታየው ድረስ ተረከዜን ከጣቴ እያገጣጠምኩ ቆጠርኩ። ሳላነባብር፣ አምስት።

«ጋሼ፣ ምን ጠፍቶዎት ነው?» አለኝ ጥበቃው።

«ሰዓት እያየሁ ነው» አልኩት።

ካልሲዬን አየ፣ ከዚያ ስልኩን አወጣ። «ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ» አለኝ። አመሰገንኩትና የፎቁ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብዬ አሥራ አምስቱን ደቂቃ ጠበቅሁ።