የቀደሙትን ድርሰቶች በቤት ውስጥ ስለ ማንበብ

የቀደሙት ደራስያን የጻፉትን ቅኔ፣ ልብ ወለድና ተውኔት ማንበብ የተማሪ ዕዳ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ተማሪው ለፈተና ያህል ያነባል፤ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ግን መጽሐፉን በመደርደሪያ ላይ ትቶ ወደ ሥራው፣ ወደ ትዳሩና ወደ ገበያው ይሄዳል። የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ የሆነ ሰውም «ልጆች የሚበሉትና የሚለብሱት በሚታሰብበት ቤት ግጥምና ተረት ምን ይረባል?» ብሎ ቢጠይቅ ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም ይህን ጥያቄ ከወዳጆቻችን አፍ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋልና፣ ስለዚሁ ነገር ያየነውን ለአንባቢዎች በአጭሩ ልንገልጽ ወደድን።

ሥራችን የፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው፤ ዕድሜያችንም አርባን ተሻግሯል። በልጅነታችን ፊደልና ዳዊት፣ ከዚያም ጥቂት ቅኔ በቤተ ክርስቲያን ተማሪ ቤት ተምረናል። ኋላም ሚሲዮኖች ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ገብተን የእንግሊዝን ቋንቋ ለመድን። ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ከሥራ ስንወጣ ደብተራችንን በብብታችን ይዘን፣ በዕድሜ ከኛ በጣም ከሚያንሱ ጎልማሶች ጋር በማታ ትምህርት ቤት ሥነ ጽሑፍ እንማራለን። ስለዚህ ቀን የሰውን ክርክር በመዝገብ እንጽፋለን፤ ማታ ደግሞ ደራስያን የሰውን ክርክር እንዴት አድርገው እንደ ጻፉት እናነባለን። እነዚህን ሁለት ዓይነት ጽሕፈቶች ጎን ለጎን በማየታችን አንድ አሳብ አደረብን፤ ይኸውም መዝገብ ሰው ያደረገውን ሲይዝ፣ የጥንት ድርሰት ሰውየውን ራሱን እስከ መጨረሻ የሚያሰማ መሆኑ ነው።

አስቀድመን ስለ ቅኔ እንናገር። በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጀማሪ የሚለማመድበት ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ነው። ተማሪው ግን ስለዚህች ሁለት ቤት ሲል ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ልብሱን ተከናንቦ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ሲቈጥር ይውላል፤ ሲመሽም ለመምህሩ ይነግራል። የኛ የኔታ ቅኔያችንን ሰምተው ሲያበቁ አንዲቱን ቃል ብቻ ነጥለው «ይህች ቃል ለሰሙ ሆናለች፤ ለወርቁስ ምን ትሠራለች?» ይሉን ነበር። መልስ ያጣ ተማሪ በማግሥቱ እንደ ገና ከዛፉ ሥር ይገኛል። በዚህ ዓይነት የቃል ላይ ላዩና ውስጡ ልዩ ልዩ እንደ ሆነ፣ ላይ ላዩን ብቻ ሰምቶ የሄደ ሰውም ግማሹን ብቻ እንደ ሰማ ገና በልጅነታችን ተረዳን።

ይህ ልማድ ለጸሐፊነት ሥራችን ምን እንደ ጠቀመ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ባልና ሚስት ሲፋቱ ንብረታቸው ይከፈል ዘንድ ዝርዝሩ ይጻፋል። ከብዙ ዓመት በፊት ባየነው አንድ ጕዳይ ቤቱና ከብቱ ያለ ክርክር ተካፍሎ ሲያበቃ፣ ሁለቱ ሰዎች በአንድ የቡና ጀበና ተጣሉ። በችሎቱ የነበረው ሰው ሣቀ። ሴትዮዋ ግን «ጀበናውን የሰጠችኝ እናቴ ናት» አለች፤ ባልየውም «ይህን ያህል ዘመን የጠጣሁበት ነው» አለ። እኛ በመዝገቡ ላይ የጻፍነው «ጀበና፣ አንድ» ብለን ነው፤ ከዚህ አብልጠን እንጽፍ ዘንድ የሥራው ሥርዐት አይፈቅድም። ሰሙ ጀበና ነበር፤ ወርቁ ግን አብረው የኖሩት ዕድሜ ነበር፤ እርሱን ለሁለት የሚከፍል ፍርድ የለም። ይህን ለማስተዋል የግድ ቅኔ መማር አያሻም፤ ቅኔ የተማረ ሰው ግን ለመሣቅ አይቸኩልም።

ወደ ልብ ወለድ ስንመጣ ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። እኛም የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ስለ ነበርን በዛብህን እንደ ጓደኛችን እናውቀዋለን። ነገሩ እውነተኛ ሆኖ ወደ ፍርድ ቤት ቢመጣ ኖሮ በሦስት መሥመር እንጽፈው ነበር፤ በዛብህ የተባለው የቤተ ክህነት ተማሪ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ተጠርቶ ሳለ በፍቅር ወደቀ፤ አባትዮውም ተቈጡ፤ ልጁም ኮበለለ ብለን በጨረስነው ነበር።

ደራሲው ግን ታሪኩን ከዚያ አይጀምርም። በዛብህ ከመወለዱ በፊት ወላጆቹ እንዴት እንደ ተጋቡ ይነግረናል፤ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ብለው ለቤተ ክርስቲያን እንደ ተሳሉትም ያሳየናል። እንግዲህ በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ፣ እርሱ ሳይጠየቅ ሌሎች የተሳሉትን ስእለት በትከሻው ተሸክሞ ነው። ፊታውራሪ መሸሻም ቢሆኑ በዘር የሚተካከላት ባል ታጣ እያሉ የልጃቸውን የጋብቻ ዕድሜ ያሳለፉት ከአባቶቻቸው በወረሱት ልማድ ነው። ይህን ልማድ የነቀፈው ጉዱ ካሣ ግን እንደ እብድ ተቈጠረ። አንባቢው በፊታውራሪው ያዝናል፤ ነገር ግን ከየት እንደ መጡ ዐውቆ ነው የሚያዝነው።

በዚህ ምክንያት በቤታችን አንድ ልማድ ገብቷል። ልጅ ያጠፋ እንደ ሆነ «ምን አደረግህ?» ብለን ከጠየቅን በኋላ፣ «ከዚያ በፊትስ ምን ሆኖ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ እንጨምራለን። ቅጣቱ ሁልጊዜ ይቀራል ማለት አይደለም፤ የተቀጣው ልጅ ግን ሳይሰማ እንዳልተቀጣ ያውቃል።

ይህን መጽሐፍ ውጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ስላነበበው ፊደል ያልቈጠሩ ሰዎችም ሰምተው አልቅሰውበታል። እናታችን ከነዚህ አንዷ ናቸው። ስለ እርሳቸው ከዚህ በታች የምንናገረው አለን።

ሦስተኛው ተውኔት ነው። በአገራችን በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ደርሰው ነበር፤ ይህም በአማርኛ ከተጻፉት ተውኔቶች የመጀመሪያው ነው። አውሬዎቹ እየተናገሩ የአስተዳደርን ጉድለት ስላሳዩ ተውኔቱ ተከለከለ። ኋላም ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን «ሐምሌት» እና «ኦቴሎ» ወደ አማርኛ መልሷቸዋል፤ ስለዚህ አማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰውም ከባዕድ አገር ተውኔት የተከለከለ አይደለም።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የነካን ግን የግሪኩ ሶፎክሊስ የደረሰው «አንቲጎኔ» ነው። ይህ ተውኔት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ በአቴና ከተማ የታየ ነው። ሶፎክሊስ ከ100 የሚበልጡ ተውኔቶች እንደ ደረሰ ይነገራል፤ ሙሉ ሆነው እስከ ዘመናችን የደረሱት ግን 7 ብቻ ናቸው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሁለት ወንድማማች ስለ ዙፋን ተዋግተው ተገዳደሉ። አጎታቸው ክሬዎን ነገሠና አንደኛው በክብር እንዲቀበር፣ ሁለተኛው ግን በአገሩ ላይ ጦር ያመጣ ነውና ሬሳው ለአሞራና ለውሻ እንዲተው ዐወጀ። እኅታቸው አንቲጎኔ ዐዋጁን ጥሳ በወንድሟ ሬሳ ላይ አፈር አለበሰች። ንጉሡም ከነሕይወቷ በዋሻ ተዘግቶባት እንድትቀር ፈረደ። የንጉሡ ልጅ ሄሞን ዕጮኛዋ ነበርና አባቱን ለመነ፤ አልተሰማም።

ይህን ስናነብ የችሎት ሥራ ወዲያው ትዝ አለን። ንጉሡ ስለ አገር ጸጥታና ስለ ሕግ መከበር የሚናገረው ከንቱ ቃል አይደለም፤ እኅቲቱም ስለ ወንድም የምትናገረው እውነት ነው። ደራሲው ለሁለቱም ሙሉ ጊዜ ይሰጣቸዋል፤ አንዱን ለማሳፈር ብሎ ንግግሩን አያሳጥርበትም።

የማታ ትምህርት በጀመርንበት ዓመት ክረምት ተውኔቱን በቤታችን ለሦስት ምሽት አነበብነው። እኛ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለስን የንጉሡን ቃል ስናሰማ፣ ታላቂቱ ልጃችን የአንቲጎኔን፣ ባለቤታችን የሽማግሌዎቹን ቃል ያዙ። እናታችን ቡና እየቈሉ ያደምጡ ነበር። በሦስተኛው ምሽት ወደ መጨረሻው ደረስን። ዕውሩ ነቢይ ንጉሡን ባስጠነቀቀው ጊዜ ንጉሡ ፈራ። ሽማግሌዎቹም ልጅቱን ከዋሻ እንዲያወጣ፣ ለሞተውም መቃብር እንዲሠራ መከሩት። እርሱ ግን አስቀድሞ ሄዶ ሬሳውን ቀበረ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዋሻው ቢደርስ አንቲጎኔ ራሷን አንቃ አገኛት። ሄሞንም በዚያው ራሱን ገደለ፤ ይህን የሰማች እናቱም ራሷን ገደለች።

ሁላችንም ዝም አልን። በመጨረሻ እናታችን፦ «ልጄ፤ ይህ ንጉሥ ልቡ ከተመለሰ ስለ ምን አስቀድሞ ወደ ሬሳው ሄደ? የሞተው ይቈያል። መጀመሪያ ወደ ሕያዪቱ መሄድ ነበረበት» አሉ። ልጃችንም «አያቴ፤ ሽማግሌዎቹም እንደዚሁ በቅደም ተከተል ነግረውት ነበር» አለቻቸው። እናታችን ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ቡናውን ቀድተው ሰጡን።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። እናታችን ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ከተኳረፉ ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር። የጠቡ ምክንያት ከአያታችን የቀረች አንዲት ቤት ናት። ነገሩ በሌላ ከተማ ፍርድ ቤት ታይቶ ቤቲቱ ተሽጣ ገንዘቡ እኩል ተከፍሏል፤ መዝገቡም ተዘግቷል። ነገር ግን በክርክሩ ጊዜ በተባባሉት ቃል እናታችን ተቀይመው «በቀብሩ አልቆምም፤ በቀብሬም አይቁም» ብለው ነበር። በአገራችን ልማድ ተጣልቶ የኖረ ሰው እንኳ ሞት የሰማ እንደ ሆነ ወደ ልቅሶ ቤት ይሮጣል። እናታችን ይህንንም በራሳቸው ላይ ዘግተውት ነበር። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮ ሁለቱንም ጊዜ እንዲሁ ተመልሷል። እኛ ልጆቻቸውም በአጎታችን ቤት ደጅ ስናልፍ ሰላምታችንን ሰርቀን እናልፍ ነበር።

ከዚያ ምሽት በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። በአንድ እሑድ እናታችን ማልደው ድፎ ዳቦ ጋገሩና ታናሹን ልጃችንን አስከትለው ወጡ። ወዴት እንደሚሄዱ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሲመሽ ተመለሱና ነጠላቸውን እያጠፉ «ዓይኑ ደክሟል፤ ሰው እንኳ አጥርቶ አያይም» አሉን። ማን እንደ ሆነ ሁላችንም ዐወቅን። ከዚያ ወዲያ እናታችን በየሳምንቱ ይመላለሱ ነበር። አጎታችን አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖረው ዐረፉ። በቀብራቸው ዕለት እናታችን ከሴቶቹ ፊት ቆመው ነበር፤ ሲያለቅሱም ያሳለፉትን አንድ ዓመት ከአራት ወር እያነሡ አለቀሱ እንጂ ስለዚያች ቤት አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ታዲያ ያስታረቃቸው ተውኔቱ ነው ልንል እንችላለንን? ምስክር ያልተናገረውን ጸሐፊ አይጽፍም። እናታችን ምክንያታቸውን አልነገሩንም፤ ምናልባት ነገሩ በልባቸው አስቀድሞ በስሎ ይሆናል። እኛ ልንመሰክር የምንችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ምሽት የጠየቁትን ጥያቄና በዚያ እሑድ ያደረጉትን ሥራ። ሽማግሌ ሲመጣ ምን ሊል እንደ መጣ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ሰው ጆሮውን አጥብቆ ይጠብቀዋል። የጥንቱ ደራሲ ግን ስለ ሌላ አገርና ስለ ሌላ ሰው ይናገራልና፣ ሰሚው ሳይጠነቀቅ ስለ ራሱ ያስባል።

ስለዚህ በየቤቱ ይህን ለመሞከር ለሚወድ ሁሉ ከልምዳችን ያገኘነውን ምክር እንስጥ። መጽሐፍ ለመግዛት አቅም የሌለው ከቤተ መጻሕፍት ይዋስ፤ ለአንድ ምሽት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ንባቡ ድምፅ ያለው ይሁን፤ ቃሉም ለልጆችና ለታላላቆች ይከፋፈል። ንባቡ ሲያበቃ ያልተማሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አስቀድመው ይናገሩ፤ እነርሱ ፊደል ባይቈጥሩ ብዙ ኑሮ ቈጥረዋልና። ከሁሉም በላይ አንባቢው «ትምህርቱ ይህ ነው» ብሎ በቤተ ሰቡ ላይ አይስበክ፤ ማንም በሌላው ላይ ጣቱን አይቀስር። ጥያቄው በየሰው ልብ ገብቶ ሥራውን እንዲሠራ ዝም ብሎ መተው ይበቃል።

መዝገባቸው የተዘጋ፣ ቂማቸው ግን ያልተዘጋ ብዙ ቤተ ሰቦች በየችሎቱ ደጅ ሲያልፉ እናያለን። ለነርሱ ፍርድ ቤት ሊሰጣቸው የሚችለውን ሰጥቷቸዋል፤ የቀረው በገዛ እጃቸው ነው። ይህን የሚያነብ ሰው ሁሉ ከመጽሐፍም ሆነ ከእናቱ አፍ በሰማው ምክር ተነሥቶ፣ የተኳረፈው ሰው በሕይወት ሳለ ወደ ቤቱ ይሄድ ዘንድ ምኞታችን ነው።