ከስፋቱ ቀለሙ
ለቤታችን አልበም ትልልቅ ፎቶ የሚያትም ፕሪንተር ለመግዛት ስንመካከር፣ መጀመሪያ የተከራከርነው ስለ ስፋቱ ነበር። ኤ3 ወረቀት 29.7 በ42 ሳንቲሜትር ነው፤ ለወላጆቻችን የሠርግ ፎቶ ከነሚዜዎቹ ይበቃል። ቀለሙሳ? ዳይ የሚባለው የሚሟሟ ቀለም ሲያዩት ደማቅ ነው፤ ብርሃን ሲመታው ግን ቶሎ ይደበዝዛል። ፒግመንት የሚባለው የማይሟሟ ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ዋጋው ጠንከር ቢልም ይበልጥ ይቆያል።

እማኝ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። እዚሁ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው፣ በ1273 ዓ.ም. የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ዘመናትን ተሻግሯል። የብራና ጥቁር ቀለም ከጥቀርሻ ይዘጋጃል፤ ጥቀርሻ ደግሞ ብናኝ ነው እኮ!

ስለዚህ ስፋቱ ቢቀር ይቅር፣ ቀለሙ ይቅደም አልን። ከሠርጉ ፎቶ የቀረን አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ነጋቲቩ የለም። የልጅ ልጆች አያታቸውን በምን ይወቋት? እናንተስ ምን ትላላችሁ?