ለጉልበታቸው የሰጠሁት መድኃኒት

ባለማወቅ ያደረግኩት ቢሆን ኖሮ ለመናገር ይቀለኝ ነበር። ግን አውቅ ነበር። ፋርማሲ ስማር ስለ ጨጓራ ቁስለት የተፈተንኩትን በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት። አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ ከጨጓራ ሕመም ጋር እንዴት እንዳገናኙት፣ ብዙዎች አላምን ሲሏቸው ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ እንዴት እንደታመመ፣ በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት እንዳገኙ ለሰው መተረክ እወድ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው አዳማ ውስጥ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ቆሜ አንድ አባትን ለሞት አፋፍ ያደረስኳቸው።

ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን በመሪ ላይ ስለጨረሱት ጉልበታቸውና ወገባቸው ያሠቃያቸዋል። መጀመሪያ ሲመጡ የሐኪም ማዘዣ ይዘው ነበር፤ ዲክሎፌናክ 50 ሚሊ ግራም፣ ለጥቂት ቀናት የሚወሰድ። ከዚያ በኋላ ማዘዣ አላመጡም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። «ልጄ፣ እስቲ ያችን የጉልበቴን» ሲሉኝ እጄ ሳላዘው መደርደሪያው ላይ ይደርሳል። እንዲህ እያልን ወራት አለፉ።

በመካከሉ አንድ ቀን ጨጓራቸው እንደሚያቃጥላቸው፣ ተመርምረውም ባክቴሪያ እንደተገኘባቸው፣ የታዘዘላቸው መድኃኒት ግን አፋቸውን ስላመረረው ከግማሽ ላይ እንደተዉት አጫወቱኝ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። ኦሜፕራዞል፣ አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን አብረው ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን የሚታዘዙት ባክቴሪያው በጨጓራ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ስለሚኖርና በቀላሉ ስለማይጠፋ ነው። ከመንገድ የተቋረጠ እንደሆነ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል። እኔ ግን «አይዞዎት ጋሼ» ብዬ የሚታኘክ የቃር ማስታገሻ ሸጥኩላቸው። እዚያው ከረጢት ውስጥ ዲክሎፌናኩን ጨመርኩበት።

ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ አስፕሪንም ጭምር ሕመም የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት በመከልከል ነው። ጨጓራ ደግሞ ራሱን ከአሲዱ የሚጠብቅበት ዝልግልግ ሽፋንና ወደ ግድግዳው የሚሄደው የደም ፍሰት በዚሁ ንጥረ ነገር ላይ የተመሠረቱ ናቸው። መድኃኒቱ መከላከያውን ሲያሳሳው ባክቴሪያው በበኩሉ ግድግዳውን ያስቆጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የብዙ ጥናቶች ትንተና፣ የሚደማ ቁስለት የመያዝ ዕድል በባክቴሪያው ብቻ ወደ 1.8 እጥፍ፣ በእነዚህ ማስታገሻዎች ብቻ ወደ 4.9 እጥፍ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ከ6 እጥፍ በላይ እንደሚያድግ አሳይቷል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይብሳል። «ከምግብ በኋላ ይውሰዱት» ማለቴን እንደ ጥንቃቄ እቆጥረው ነበር። ጉዳቱ ግን ክኒኑ ጨጓራን በመንካቱ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በደም ዞሮም ይደርሳል። በመርፌ የሚወስዱትም ለዚህ ነው የማያመልጡት።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ቀን ነው። ሰው እስኪቀል ጠብቀው፣ ወደ መስኮቱ ተጠግተው፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ መጥቆሩን በሹክሹክታ ነገሩኝ። ለአንድ ሹፌር፣ ለአንድ የቤት አባወራ፣ ይህን መናገር ቀላል አይደለም። ያን ያህል አፍረው የነገሩኝ ስለሚያምኑኝ ነው። የደም ማነስ ክኒን ይወስዱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ እሱም ሰገራን ያጠቁራልና። አልወስድም አሉኝ። ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ከጨጓራ የፈሰሰ ደም ወደ ታች ሲወርድ ጥቁርና የሚያጣብቅ እንደሚሆን፣ አረጋዊ ሰው ምንም ሳያመው ሊደማ እንደሚችል አውቃለሁ። ሌላ ሰው መጥቶ ከኋላቸው ቆመ። «ከምግብ ይሆናል ጋሼ፤ ካልተሻለዎት ሐኪም ቤት ብቅ ይበሉ» ብዬ ሸኘኋቸው። በዚያችው ሰዓት መድኃኒት ቤቱን ዘግቼ፣ ባጃጅ ጠርቼ፣ ራሴ ሆስፒታል ላደርሳቸው ይገባ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የቡና አተላ የመሰለ አስመልሷቸው ግቢያቸው ውስጥ ወደቁ። ደም ተሰጣቸው፤ የሚደማው ቁስል በኢንዶስኮፒ ታከመና ተረፉ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል። ከሆስፒታል ሲወጡ የጉልበት ማስታገሻውን እንዲያቆሙ ተነግሯቸዋል፤ ቤተሰቡ ግን የደሙን ምክንያት ምግብ ላይ ጣለው። በርበሬና ቡና ከለከሏቸው፤ አልጫ ብቻ ሆነ። ልጃቸው ኦሜፕራዞል ልትገዛ መጥታ «ሚጥሚጣ ተው ብንላቸው አልሰማ ብለውን እኮ ነው» ስትለኝ ራሴን ነቀነቅኩ። በርበሬ የቆሰለን ጨጓራ ያቃጥል ይሆናል እንጂ እንዲህ ያለ ቁስለት አያመጣም፤ ይህንንም አውቃለሁ። አባቷን ጥፋተኛ አድርጋ ስትሄድ ዝም ብዬ አየኋት። እሳቸውም በሌሉበት ተወቅሰው፣ በእኔ ፋንታ ጥፋቱን ተሸክመው ከረሙ።

በመጨረሻ ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያለ ማዘዣ መስጠቴን፣ ስለ ባክቴሪያው ሲነግሩኝ ማለፌን፣ የዚያን ቀን ሹክሹክታቸውን ሰምቼ እንዳልሰማ መሆኔን። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ሳያቋርጡ አዳመጡኝና ወደ ጓዳ እያዩ «እሷም እኮ ከዚያው ነው የምትወስደው» አሉ። ባለቤታቸው ወገባቸውን ባመማቸው ቁጥር እኔ ለጉልበት ከሸጥኩት ክኒን ይካፈሉ ኖሯል። ያውም ከቆየ የራሳቸው የጨጓራ ሕመም ጋር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ይወስደው እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ባክቴሪያው ደግሞ በአንድ ቤት ከሚኖሩ ሰዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ሊተላለፍ የሚችል ነው።

የቀረውን ክኒን እንዲሰጡኝ ለምኜ ወሰድኩ። በማግስቱ ከባለቤታቸው ጋር አብረን ሄደን ሐኪም አየቻቸው፤ በሰገራ ምርመራም ባክቴሪያው ተገኘባቸው። ለወገባቸው ፓራሲታሞል ተሰጣቸው፣ የ14 ቀኑንም መድኃኒት ጀመሩ። አፋቸውን እንደሚያመርር አስቀድሜ ነግሬያቸው፣ በመረራቸው ቁጥር እንዲደውሉልኝ ስልኬን ሰጥቻቸዋለሁ። ጋሼም በሆስፒታል የታዘዘላቸውን አዲስ መድኃኒት ጨርሰዋል። ባክቴሪያው መጥፋቱ የሚረጋገጠው ሕክምናው ካበቃ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ በሚደረግ ምርመራ ስለሆነ፣ ቀኑ ሲደርስ ሁለቱንም ይዣቸው የምሄደው እኔ ነኝ።