የዕድል ግብር

ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው። ከአለም ገና ሰበታ፣ ከሰበታ አለም ገና ሲመላለስ ይውላል። በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አንድ ማታ፣ እራት ቀርቦ ሳለ፣ በሩን በርግዶ ገባና ‹‹ጋሼ፣ በላሁ!›› አለኝ። እኔ የዋሁ እራቱን በልቶ የመጣ መስሎኝ ‹‹እንግዲያው ቡናው ይድረስልህ›› አልኩት።

የበላው ሌላ ኖሯል። አሥራ አንድ የአውሮፓ ኳስ ጨዋታዎች ደርድሮ፣ በሃምሳ ብር በቆረጣት ትኬት 24,000 ብር ወጥቶለታል። እናታችን እልል አለች። ጎረቤት ተሰበሰበ። እኔም፣ አልዋሽም፣ በልቤ ለባጃጅ መግዣ ቀብድ የሚሆነውን ማስላት ጀመርኩ። የሚነዳት ባጃጅ የሰው ናት፤ በየማታው ገቢ ያስገባባታል።

በማግስቱ ከሰዓት ፊቱ ጠቁሮ ፋብሪካችን በር ላይ ጠበቀኝ። ‹‹ጋሼ፣ ሰርቀውኛል። አንተ የሒሳብ ሰው ነህ፤ ተመልከተው›› ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። የተከፈለው 20,400 ብር ነው። 3,600 ብር የለችም።

ማንም አልሰረቀውም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ሙከራ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር። አሸናፊው ራሱ ሄዶ እንዲያስታውቅ አይጠበቅም፤ ከፋዩ ቀንሶ ያስቀርና ለግብር ሰብሳቢው ያስገባል፤ በዚያው ያበቃል። ከ1,000 ብር በታች የወጣለት ግን አይነካም ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው በ1994 ዓ.ም. አዋጅም መጠኑ ያው 15 በመቶ ሲሆን፣ ነጻ የሚደረገው ከመቶ ብር በታች ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። የሙያ ነገር ሆኖ ሳልኮራ አልቀረሁም።

እሱ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ጥያቄው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ‹‹እሺ ጋሼ፤ ሳሸንፍ መንግሥት ከተካፈለኝ፣ ስበላ የት ነበር?›› አለኝ። እዚህ ላይ ‹‹ስበላ›› ያለው ሲበሉት ማለቱ ነው።

ማታ አልጋው ሥር የሚያስቀምጣትን የብስኩት ቆርቆሮ አምጥቶ ምንጣፉ ላይ ገለበጠው። ከመስከረም ጀምሮ የወደቁ ትኬቶች ናቸው። ‹‹ለምን አጠራቀምካቸው?›› ብለው ‹‹እንጃ፤ መጣል አስጠላኝ›› አለኝ። ሁለታችን ቁጭ ብለን እየደመርን እኩለ ሌሊት ሆነ። ሃያ ብር፣ ሃምሳ ብር፣ መቶ ብር፣ አንዳንድ ቀን ሦስት መቶ። ድምሩ 23,640 ብር መጣ። በመሀሉ ግብር የማይነካቸው ጥቃቅን ዕድሎች ወጥተውለት ነበርና እነሱን 1,650 ብር ብለን ቀነስን። የተጣራው ኪሳራ 21,990 ብር ሆነ።

እንግዲህ አንባቢ ራሱ ያስላው። ግብሩ ባይኖር ወንድሜ በስምንት ወር 2,010 ብር አትርፎአል። በግብሩ ምክንያት 1,590 ብር ከስሮአል። ወረቀቱ ግን አሸናፊ ነው ይለዋል።

ሰበታ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የሚነግድ ሰው ሒሳብ ከያዘ ግብር የሚከፍለው ወጪውን ቀንሶ በተረፈው ላይ ነው። ዕድል የሚነግደው ግን ወጪ የለውም ተብሎ ይቆጠራል። አገሩም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በእንግሊዝ ተጫዋቹ ባሸነፈው አይከፍልም፤ የሚከፍለው አጫዋቹ ድርጅት ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በላስ ቬጋስ ደግሞ፣ ካዚኖ ገብቶ የቀናው ሰው ያሸነፈውን በሙሉ በዓመታዊ የግብር ማስታወቂያው ላይ መጻፍ አለበት፤ የተበላውንም፣ ወጪዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ካቀረበና ማስረጃ ካለው፣ ካሸነፈው ሳይበልጥ ያስቀንሳል። ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን የሚቀነስለት ከኪሳራው 90 በመቶው ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። ያም ሆኖ በዚያ አገር የወንድሜ ቆርቆሮ ሰነድ በሆነች ነበር።

በማግስቱ ይህን እያሰብኩ ቤቲንግ ቤቱን አልፌ ስሄድ ወደ ውስጥ አየሁ። ወለሉ በወደቀ ትኬት ተሸፍኗል፤ አንድ ልጅ እየጠረገ ነው። ያኔ የሕጉ ጭካኔ ምክንያት ገባኝ። ኪሳራ ይቀነስ ቢባል የዚያ ወለል ጥራጊ በማግስቱ ዋጋ አውጥቶ ይሸጣል! ባለዕድሉ ሁሉ የሌላውን ኪሳራ በከረጢት ሰብስቦ ግብር ቢሮ ይሰለፋል። ትኬት ላይ የማን ኪሳራ እንደሆነ አልተጻፈም።

ማታ ይህንኑ ለወንድሜ ነገርኩት። ሳቀ። ‹‹እኔስ ኪሳራዬን አውቀዋለሁ›› አለ።

እኔን የቆጠቆጠኝ ይኸው ነበር። እሱ አውቆታል፤ ቆርቆሮ አበጅቶለታል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ገቢና ወጪ ሳመዛዝን የምውል ሰው፣ በዚያ ስምንት ወር ውስጥ ‹‹ጎማ ፈንድቶብኝ ነው›› ሲለኝ ሦስት ጊዜ አምስት አምስት መቶ ብር ሰጥቼዋለሁ። ትኬቶቹን ስንደምር ከቀኖቹ ሁለቱን አስታወስኳቸው። ጎማ አልነበረም። ዝም አልኩ፤ እሱም ዝም አለ።

ሟቹ አባታችንም ሎተሪ ይቆርጥ ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከብሔራዊ ሎተሪ። በየወሩ አንዲት ትኬት ከአዟሪ ይገዛና ዳዊቱ ውስጥ ያኖራታል፤ ዕጣው ከወጣ በኋላ ቀዶ ይጥላታል። አንድም ቀን አልወጣለትም። ወር ጠብቆ አንዴ ተስፋ ማድረግና ቀን ከሌት አሥራ አንድ ጊዜ ተስፋ ማድረግ ግን እኩል ዋጋ የላቸውም።

ወንድሜ ከ20,400 ብሩ አሥሩን ሺህ ‹‹አስቀምጥልኝ›› ብሎ ሰጠኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ጠዋት፣ ክረምቱ ገብቶ ጭቃ በጭቃ ሆነን ሳለ፣ በር ላይ ቆሞ ‹‹ጋሼ፣ ከዚያች ብር አምስት መቶ ብቻ፤ ጎማ…›› አለኝ።

ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ልከለክለው አልችልም። ኪሴ ገብቼ ግን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ‹‹የትኛው ጎማ? ና እንየው›› አልኩት።

ጃንጥላ ይዘን ወጣን።