ወረፋውን ማን ይከፍላል?

እኛ አገር ወረፋ ሲረዝም ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛው “ሰዉ በዛ” ነው፣ ሁለተኛው “እኔን አስቀድሙኝ”። ሁለቱንም በሂሳብ እንያቸው።

ለምሳሌ እንዲሆነን ወለጋ፣ ኪራሙ እንውረድ። ያለው አንድ ወፍጮ ነው እንበል። በአንድ በኩል ጤፍ የያዙ፣ በሌላ በኩል በቆሎ የያዙ ተሰልፈዋል። የአንዱን ሰው እህል መፍጨት በአማካይ 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ አንዳንዱ ቶሎ ያልቃል፣ አንዳንዱ ይቆያል። ሰዉም ተቀጣጥሮ ሳይሆን እንደተመቸው ነው የሚመጣው። እንዲህ ባለ ቦታ ወፍጮው ከቀኑ ግማሹን ብቻ ቢሰራ ተራችን እስኪደርስ በአማካይ 10 ደቂቃ እንጠብቃለን። 90 በመቶውን ሲሰራ 90 ደቂቃ። 95 በመቶ ሲደርስ ደግሞ 190 ደቂቃ! ስራው የጨመረው በትንሹ ነው፣ ጥበቃው ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። የዚህን ሂሳብ መሰረት የጣለው ዴንማርካዊው ኤርላንግ ነው፤ በኮፐንሀገን የስልክ ኩባንያ እየሰራ የመጀመሪያ ጽሁፉን እ.ኤ.አ. በ1909 አወጣ።

ታዲያ ቅድሚያ መስጠትስ? እ.ኤ.አ. በ1965 ሊዮናርድ ክላይንሮክ ያሳየው ነገር አለ። ወፍጮው ስራ እስካልፈታ፣ የሁሉም ሰው እህል በአማካይ እኩል ጊዜ የሚወስድ ከሆነ፣ አንዱን ማስቀደም አማካዩን ጥበቃ አይቀንሰውም። ከአንዱ ትከሻ አንስቶ ሌላው ላይ ይጭነዋል እንጂ። ልጅ ሆኜ ወፍጮ ቤት ስላክ ከኋላዬ የመጡ ትልልቅ ሰዎች “አንተ ልጅ ነህ፣ ምን ያስቸኩልሃል?” እያሉ ያልፉኝ ነበር። የእነሱን ጥበቃ የምከፍለው በትምህርት ሰዓቴ ነበር።

ሌላም ጣጣ አለ። ከበቆሎ ወደ ጤፍ ሲዞሩ ድንጋዩን ማስተካከል፣ የቀረውን ዱቄት ማራገፍ ያስፈልጋል። 5 ደቂቃ ይፍጅ እንበል። ባለወፍጮው “ፍትህ ይሁን” ብሎ አንድ ጤፍ፣ አንድ በቆሎ እያለ ቢያፈራርቅ ለአንድ ሰው 15 ደቂቃ ያጠፋል። በሰዓት 6 ሰው መሸኘት ሲችል 4 ብቻ ይሸኛል። በሰዓት 5 ሰው ቢመጣበት ወረፋው እስከ ማታ እያደገ ይሄዳል። የተሰለፈውን በቆሎ በሙሉ ጨርሶ ወደ ጤፍ ቢዞር ግን መቀያየሩ ያንሳል፣ ወደ 6 ይጠጋል፣ ሁሉንም ያዳርሳል።

ችግሩ ጤፍ የያዘችው ሴትዮ ናት፤ በቆሎው እስኪያልቅ ቁጭ ብላ ትውላለች። መፍትሄው ከባድ አይደለም። “ጠዋት በቆሎ፣ ከሰዓት ጤፍ” ተብሎ አስቀድሞ ይነገራት፤ ጠዋቷን ቤቷ ትሰራበታለች።

እኛም ከተማ ውስጥ አንድ መስኮት ፊት ለፊት ተኮልኩለን “የማውቀው ሰው አለ” ስንል ያው ነው። ጥበቃችን የትም አልጠፋም። ዞር ብለን ብናይ፣ የሚከፍልልን ሰው ከኋላችን ቆሟል።