አንድ ካርድ ለአንድ ሰው

ከሶዶ ተነሥታ ውጭ አገር የምትኖር ልጇን ልታርስ የምትሄድ እናት ሻንጣዋ ምን ምን እንደሚይዝ ታውቃላችሁ። የተነጠረ ቅቤው፣ የገንፎ ዱቄቱ፣ በርበሬውና ዳጣው አይረሳም። ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ግን ስለሚረሳው ነገር ነው፤ ይኸውም እናቲቱ በሰው አገር በአውቶቡስ ስለምትሳፈርበት ካርድ ነው።

ነገሩ በዓይኔ ያየሁት ነው። ለአጭር ጊዜ ሥልጠና ለንደን በሄድኩበት ወቅት፣ አክስቴ ልጃቸውን ሊያርሱ መጥተው አገኘኋቸው። ከመጡ ሁለተኛ ወራቸውን ይዘው ነበር። «ከተማዋን እንዴት አዩዋት?» ብላቸው፣ «የቷን ከተማ ልጄ? እኔ ያየሁት በመስኮት ነው» አሉኝ። ልጃቸው አራስ ናት፤ ባሏ ሥራ ላይ ይውላል። በእጃቸው ያለው ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። የለንደን አውቶቡሶች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ቦዲቲና አረካ ገበያ እየተመላለሱ፣ ቅቤ ነግደው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት፣ የመሳፈሪያ ገንዘብ ሳያጡ የአከፋፈሉን ዘዴ ባለማወቅ ብቻ ቤት ተዘግቶባቸው ከረመ።

በማግሥቱ ይዣቸው ወጣሁ። አውቶቡሱ ሲመጣ ከአገሬ ይዤው የሄድኩትን የባንክ ካርድ ወደ መክፈያው መሣሪያ አስጠጋሁ፤ አረንጓዴ መብራት በራ። ቀጥዬ ለአክስቴ ያንኑ ካርድ ባስጠጋው ቀይ በራ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ይጠብቃል። እኛ አገር ቢሆን «የእርሳቸውንም ከእኔ ውሰድ» ብዬ ለረዳቱ ብሩን መስጠት ይበቃኝ ነበር። ዞር ስል አክስቴ ወርደዋል። ነጠላቸውን እየሰበሰቡ፣ «ልጄ፣ በሰው አገር ሌባ መሰልኩ» አሉኝ። ለአገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በለንደን አንድ የባንክ ካርድ የሚከፍለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ካርዱም በላዩ ላይ የሞገድ ቅርጽ ያለው አራት መስመር፣ ማለትም በማስጠጋት ብቻ የሚከፍል መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ሊኖረው ይገባል። በአውቶቡስ ሲሳፈሩ አንድ ጊዜ ማስጠጋት ይበቃል፤ በምድር ውስጥ ባቡር ግን ሲገቡም ሲወጡም ያንኑ ካርድ ማስጠጋት ግድ ነው። ሲወጡ የረሱ እንደሆነ ከፍተኛው ዋጋ ይታሰባል። የቀኑ ጉዞ ተደምሮ አንድ ላይ ይቆረጣል። ካርዱ የሌላ አገር ባንክ ከሆነ ባንኩ በምንዛሪው ላይ የራሱን ክፍያ ሊጨምር ይችላልና ከመነሣት በፊት መጠየቅ ነው። የባንክ ካርድ ለሌለው ደግሞ ኦይስተር የተባለውን፣ ገንዘብ እየሞሉ የሚጠቀሙበትን ካርድ መግዛት ይቻላል። ብዙ እህቶቻችን በሚሄዱበት በዱባይም ለሜትሮውና ለአውቶቡሱ ኖል የሚባል ካርድ አለ።

ያን ዕለት ማታ የልጃቸው ባል ለአክስቴ ኦይስተር ገዝቶ፣ ገንዘብ ሞልቶ ሰጣቸው። እኔም የአውቶቡሱን ቁጥርና የቤታቸውን አድራሻ በወረቀት ጻፍኩላቸው። ሦስት ቀን አብሬያቸው ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን ብቻቸውን ገበያ ሄደው ሽንኩርትና ቃሪያ ገዝተው ተመለሱ። በስልክ ሲነግሩኝ ድምፃቸው የሶዶው ድምፃቸው ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነበር? የእርሳቸው አይደለም። ሳናስረዳ የምንልክ፣ ሳናሳይም የምንቀበል የእኛ የልጆች ነው። እናቶቻችን ከሞያቸው ሁሉ ጋር እንዲመጡልን እንጠራቸዋለን፤ ከበሩ ውጭ ያለውን ዓለም ግን ቆልፈን እንይዝባቸዋለን። እናቱን የሚያስመጣ ሁሉ፣ ከአውሮፕላን ቲኬቱ ጋር በእጃቸው የሚይዙትን የራሳቸውን የመሳፈሪያ ካርድ ያዘጋጅ፤ አጠቃቀሙንም አብሯቸው ተሳፍሮ ያሳያቸው።

አክስቴ ዛሬ ሶዶ ናቸው። ወደ ውጭ የምትሄድ ጎረቤት ልትሰናበታቸው ስትመጣ፣ ቅቤውን ከመጠየቃቸው በፊት «ካርድሽስ?» ይሏታል።