ሙዙን ያበሰለው ማን ነው?

በቤታችን የመጀመሪያው የአማትና የምራት ክርክር የተነሣው በሙዝ ነው። ልጃችን ስድስት ወር ሞልቶት ተጨማሪ ምግብ ሲጀምር፣ በጤና ጣቢያ ከገንፎው ሌላ በደንብ የተፈጨ ሙዝና አቮካዶ እንድንሰጠው ነገሩን። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ደማቅ ቢጫ ሙዝ ገዝታ ገባች። የልጅ ልጇን ለማየት ከባሕር ዳር የመጣችው እናቴ ግን ሙዙን አገላብጣ አየችና «ይኼማ በመድኃኒት የበሰለ ነው፤ ለሕፃን አይሰጥም» ብላ ወደ ጎን አደረገችው።

ባለቤቴን ከፋት። «ከተማ ውስጥ ሌላ ሙዝ ከየት ይመጣል?» አለች። ሁለቱም የሚከራከሩት ለልጁ ብለው ነው፤ ክርክሩ የከበደውም ለዚህ ነው። ሕፃኑ ለሦስት ሳምንት ያህል ፍራፍሬ ሳይቀምስ ሰነበተ፤ እናቴም ወደ አገሯ መመለስን ማንሣት ጀመረች። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። «የተማርከው ለመቼ ነው ታዲያ?» አለችኝ እናቴ አንድ ቀን። ነገሩን ከሥሩ ለማየት ተነሣሁ።

አዲስ አበባ የሚሸጠው ሙዝ አብዛኛው ከአርባ ምንጭና ከአካባቢው፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ የሚመጣ ነው። በስሎ ቢቆረጥ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ያልቃል፤ ስለዚህ የሚቆረጠው አረንጓዴ እያለ ነው። ብስለቱ የሚመጣው ከተማ ከገባ በኋላ ነው። የሰፈራችንን ባለ አትክልት ቤት ጠይቄው ሙዝ ወደሚያመጣበት ማብሰያ ቤት ይዞኝ ሄደ። መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ሙዙ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ መሃል ላይ የላምባ ምድጃ ይጨሳል። ጠባቂው «ሙቀቱ ነው የሚያበስለው» አለኝ።

ሙቀቱ ያግዛል፤ ዋናው አብሳይ ግን እሱ አይደለም። ላምባ በደንብ ሳይነድ ሲጨስ ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ኢትሊን የሚባል፣ ዓይን የማያየው ጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 በሴንት ፒተርስበርግ ዲሚትሪ ኔልጁቦቭ የተባለ ተመራማሪ፣ የአተር ቡቃያዎቹ ቤተ ሙከራው ውስጥ ለምን ተጣመው እንደሚያድጉ ሲመረምር፣ ምክንያቱ ለመብራት ከሚነደው ጋዝ ውስጥ ያለው ኢትሊን መሆኑን ደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ሪቻርድ ጌን፣ የፖም ፍሬ ራሱ ይህንኑ ጋዝ እንደሚያወጣ አረጋገጠ። ኢትሊን እንግዲህ ተክሉ ለራሱ የሚሠራው ሆርሞን ነው። ሙዝ ሲደርስ ያወጣዋል፤ ያወጣው ጋዝ ደግሞ ይበልጥ እንዲያወጣ ይቀሰቅሰዋል፤ አጠገቡ ያለውንም ሙዝ ይቀሰቅሳል። ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ልጣጩ ቢጫ ይሆናል፣ ሥጋው ይለሰልሳል።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ብዙም አልገረማትም። «እኛስ ማንጎ ጤፍ ውስጥ እየቀበርን አይደል የምናበስለው? ቶሎ እንዲደርስ አንድ የበሰለ መሃሉ ይደረጋል» አለች። ልክ ናት። ጤፉ ማንጎው ያወጣውን ጋዝ እንዳይበተን ይይዘዋል፤ የበሰለው ደግሞ ለጥሬዎቹ ጋዝ ይሰጣል። የጥንት ግብፃውያንም የሾላ ፍሬን በስለት ጫር ያደርጉት ነበር። ፍሬ ሲቆስል ኢትሊን ያወጣል፤ ስለዚህ ቶሎ ይበስላል። ስሙን ሳያውቁ በሥራው ተጠቅመውበታል።

ታዲያ የእናቴ ፍርሃት ከንቱ ነው? አይደለም። ለሙዝ ማብሰያ በሚበቃው መጠን ኢትሊን ራሱ የሚያሰጋ አይደለም፤ ዘመናዊ ማብሰያ ቤቶች ሙቀቱን እየተቆጣጠሩ ንጹሕ ኢትሊን ይለቃሉ። የላምባ ጭስ ግን ኢትሊን ብቻ አይደለም። ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድም አለበት፤ ከሁሉ በፊት የሚጎዳውም ክፍሉ ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን ሰው ነው። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ካልሲየም ካርባይድ የሚባል ለብየዳ የሚያገለግል ድንጋይ ለማብሰያ ይውላል። እርጥበት ሲያገኘው አሲትሊን የተባለ፣ የኢትሊንን ሥራ የሚያስመስል ጋዝ ያወጣል። ይህ ለኢንዱስትሪ የሚመረት ድንጋይ የአርሴኒክና የፎስፈረስ ቅሪት ስለሚኖርበት ሕንድ ለፍራፍሬ ማብሰያነት ከልክላዋለች። እናቴ «መድኃኒት» ያለችው እንዲህ ያለውን ከሆነ መጠንቀቋ ተገቢ ነው።

ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣ። ጋዙ የሚያበስል ከሆነ ለጋ ፍሬ ለምን እምቢ ይላል? እናቴ ሳቀች። «ጫንቃው ያልሞላ ማንጎ ጤፍ ውስጥ ብትቀብረው ይጨማደዳል እንጂ መቼ ይበስላል!» አለች። ማንጎው ከቅርንጫፉ በተንጠለጠለበት ጫፍ ዙሪያ ሞላ ብሎ ከፍ ካላለ ለመቆረጥ አልደረሰም ማለቷ ነው።

የዚህን ምክንያት ተመራማሪዎች የፈለጉት በቲማቲም ላይ ነው። ሌላው ሲቀላ ገርጥቶ የሚቀር፣ ኢትሊን ቢሰጡትም የማይበስል አንድ የቲማቲም ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ችግሩ የተገኘበት ጂን ላይ የዲኤንኤው ፊደላት እንዳልተለወጡ አሳየ። የበዙት በፊደላቱ ላይ የሚለጠፉ ሜቲል የተባሉ ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክቶች ነበሩ። ዲኤንኤን እንደ መጽሐፍ ብናስበው፣ ጽሑፉ እንዳለ ነው፤ ገጾቹ ግን ተጣብቀው አይነበቡም። እንዲህ ያሉ ምልክቶችን የሚያጠናው ሳይንስ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ተመራማሪዎች ምልክቶቹ እንዳይለጠፉ የሚያግድ ኬሚካል ለጋ ቲማቲም ላይ ሲሞክሩ፣ ቲማቲሙ ያለ ጊዜው በሰለ። በተፈጥሮ ግን ምልክቶቹ የሚነሡት ፍሬው እያደገ፣ ዘሩ እየደረሰ ሲሄድ ነው። ከዚያ በፊት ኢትሊን ቢመጣም ጥሪውን የሚሰማ የለም። ለተክሉ ይህ ጥቅም አለው። ዘሩ ሳይደርስ ፍሬው ቢጣፍጥ፣ ወፍና ዝንጀሮ በልተውት ዘሩ በከንቱ በቀረ ነበር። እናቴ ጫንቃውን የምታየው፣ ፍሬው ጥሪውን ለመስማት መድረሱን ለማወቅ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ለጋውን ቆርጦ ጋዝ የሚለቅ ነጋዴ ቀለም ሊያገኝ ይችላል፤ ጣዕም ግን አያገኝም።

ይኸው ጉዳይ ማቀዝቀዣችንንም ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት የበሰለ ቲማቲምን በ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ7 ቀን አቆየ። ስኳሩና አሲዱ ብዙም አልተለወጡም፤ ጣዕም የሚሰጡት መዓዛዎች ግን ቀነሱ፤ ቲማቲሙ ወደ ክፍል ሙቀት ከተመለሰ በኋላም እንደ ቀድሞው አልሆኑም። ቅዝቃዜው የሜቲል ምልክቶቹን ሁኔታም ለውጦ ተገኘ። ከእንግዲህ ቲማቲማችን የሚቀመጠው ቅርጫት ውስጥ ነው።

የቤታችንን ክርክር የፈታችው በመጨረሻ እናቴ ናት። «ጋዙ የራሱ የፍሬው ከሆነ አረንጓዴውን አምጣልኝ፤ እኔው አበስለዋለሁ» አለች። ባለ አትክልት ቤቱ ማብሰያ ቤት ያልገባ፣ ማዕዘኑ ጠፍቶ ክብ ክብ ያለ ሙዝ ያስቀምጥልን ጀመር። እናቴ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ባለቤቴ በየማታው ካርቶኑን ከፍታ የደረሰውን ትለያለች። ልጁ አሁን ሙዝ ሲያይ እጁን ይዘረጋል።

ይህን መሞከር ለምትፈልጉ፣ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱንና ቲማቲም ደርሰው ከተቆረጡ ቤት ውስጥ ይበስላሉ። አቮካዶማ ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ የሚበስለው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ወይን፣ አናናስና እንጆሪ ግን ከተቆረጡ በኋላ አይጣፍጡም፤ ሲገዙ የደረሱትን መምረጥ ነው። የብርቱካን አረንጓዴ ልጣጭ ብቻውን ጥሬነትን አያሳይም፤ በሞቃት አገር ውስጡ ደርሶ ልጣጩ አረንጓዴ ሊቀር ይችላል። ከገበያ የመጣን ሙዝ ደግሞ ከመላጣችሁ በፊት ልጣጩን እጠቡት፤ በተለይ ለሕፃን ከሆነ።

ሙዝ ስትገዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን «ይኼ በምን በሰለ?» ብላችሁም ጠይቁ። ጥያቄው ሲደጋገም ሻጩ ለጅምላ ነጋዴው፣ ጅምላ ነጋዴውም ለማብሰያ ቤቱ ያደርሰዋል። በላምባ ጭስ ውስጥ ገብቶ ሙዝ የሚደረድረው ወጣትም የአንድ እናት ልጅ ነውና፣ ጥያቄው ለእሱም ይጠቅማል።